የአልጋው ውልና የበሬው ውል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ለምክር ሲመጣብኝ ጉዳዩ ወይ ድንበር ነው ወይ ውርስ። ባለፈው ግን የእኅቴ የልጅ ልጅ አንድ ረጅም ወጣት አስከትላ መጣች። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። በጋራ ባጃጅ ገዝተዋል። ጋብቻ ግን ገና ነው።

«አባባ፣ ውል ይጻፉልን» አለችኝ።

«የጋብቻ?»

«የለም፤ የባጃጅ።»

ሳቄ መጣ። የቀለድሁባቸው መስሏቸው ተያዩ። እኔ የሳቅሁት ነገሩን የጀመሩት እነሱ መስሏቸው ሲያፍሩ ስላየሁ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር በምድራችን ባልነበረበት ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ እኔ ዳኛ ሆኜ ይኸንኑ ጥያቄ ሳገላብጥ ከርሜአለሁ። ያልተጋቡ ወንድና ሴት ስለ ንብረታቸው የተስማሙት ነገር በፍርድ ይጸናል ወይስ አይጸናም? ያኔ የቀረበልኝ በሬ ነበር።

ውላቸውን ጽፌ ልጆቹን ሸኝቼ ስገባ ያ ሁሉ ዘመን ተግተልትሎ መጣብኝ። እንዲህ ነው የሆነው።

ፍርድ ቤት የገባሁት ከአብዮቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ቅኔ ቤት ቆይቼ፣ ኋላም የአስኳላውን ትምህርት ጨርሼ፣ ደብረ ታቦር በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ደሞዙ አንድን ሰው ያኖራል፣ ሁለት ሰው ያጣላል። ችሎቱን የሚመሩት አቶ ገሠሠ የሚባሉ አጭር፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ፍትሐ ነገሥቱ በራሳቸው ውስጥ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ በጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ሁለቱ ሲጋጩባቸው መነጽራቸውን አውልቀው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

አብዮቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው «ጓድ» ይባል ተባለ። ገበሬው ግን «ጌታዬ» ማለቱን አልተው አለ። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ላለማስቀየም «ጌታዬ ጓድ» ብለው ክሳቸውን ጀመሩ። አቶ ገሠሠ ፈገግም ሳይሉ፣ «ይሁን፤ ከሁለቱ አንዱ ሳይጠቅመን አይቀርም፤ ይቀጥሉ» አሏቸው።

እኔ ሥራውን የተማርሁት ከእሳቸው ልማድ ነው። ከችሎቱ በር አጠገብ ውሃ የተሞላ እንስራ ያስቀምጡ ነበር። ከጋሳይ ወይም ከዚያ ማዶ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ሳይጠጣ አይናገርም። «የደረቀ ጉሮሮ ይቆጣል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ቁጣውን ይነግረናል» ይላሉ። ሌላው ዳኛ ሁሉ «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጀምር፣ እሳቸው የሚጠይቁት «ምን ተባባላችሁ?» ብለው ነው። የሚፈልገውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተባባሉትን ለማስታወስ ግን ሰው ረጋ ማለት አለበት። ያን ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ ታዩታላችሁ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ፍርድ ሲጽፉ ነው። ከመፈረማቸው በፊት ዘበኛውን አያ ካሣን ይጠሩና ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል።

«ገባህ?»

«ማን እንደተረታ ገብቶኛል» ይላሉ አያ ካሣ። «ለምን እንደተረታ ነው ያልገባኝ።»

አቶ ገሠሠ ሳይቆጡ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጽፋሉ። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ለምን እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። «የተረታ ሰው ለምን እንደተረታ ካልገባው፣ ይግባኙን የሚለው ለበላይ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ለዱላ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ሥር ሆኜም ያዘንሁበት ጉዳይ አለ። የሺ የምትባል ሴት ነበረች፤ መንገድ ዳር ባለች ከተማ ምግብ ቤት የከፈተች። ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር ብዙ ዘመን አብራ ኖረች። አልተጋቡም፤ ሰውየው «ዛሬ ነገ» እያለ ጊዜው ሄደ። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሱት፣ ጓሮውን ያጠሩት አብረው ነው። ሰውየው በድንገት ሲሞት ወንድሞቹ መጥተው ዕቃዋን ደጅ አወጡት።

የሺ ችሎት ቀርባ ውሃዋን ጠጣች። አቶ ገሠሠ እንደ ልማዳቸው፣ «ምን ተባባላችሁ?» አሏት።

«‹ይህ ቤት ያንቺ ነው፤ እኔ ብሞት ማንም እንዳይነካሽ› ብሎኛል።»

«የት ሆናችሁ?»

«ቤታችን።»

«ማን ሰማ?»

የሰማ ሰው አልነበረም። ሕጉ እንዲህ ያለውን ኑሮ ያውቀዋል፤ ከጋብቻ ውጭ አብሮ መኖር ይለዋል። ግን አብሮ በመኖር ብቻ ንብረት የጋራ አይሆንም። የጋራ ነው የሚል፣ ሌላ ነገር ማስረዳት አለበት። የምግብ ቤቱን ዕቃ የገዛችው እሷ እንደሆነች ጎረቤት መሰከረላትና ድስቷንና አግዳሚ ወንበሮቿን አስመለስንላት። ቤቱ ግን ሄደ።

አቶ ገሠሠ ፍርዱን ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ እውነትሽን እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል። የምፈርደው ግን ልቤ በሚያውቀው አይደለም፤ በተመሰከረው ነው» አሏት።

የሺ ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ ጌታዬ፣ አልጋ ላይ ምስክር ይዤ ልተኛ ኖሯል?»

የታደመው ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እሳቸውም አልሳቁም። እኔ ቃሉን የምጽፈው ነበርሁና ያን ጥያቄዋን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልሁ እጄ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያን ቀን ማታ ወደየቤታችን ስንሄድ አቶ ገሠሠ ከወትሮው በተለየ የመንገደኛውን ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ ብዙ ሄዱ። ኋላ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ሕጉ በር አልዘጋባትም ነበር። የአልጋው ውል ሌላ ነው፣ የቤቱ ውል ሌላ። በአልጋው ጉዳይ እኛን የሚያገባን የለም፤ እሱ ለእግዜር ነው። ስለ ቤቱ የተባባሉትን ግን ሰው ፊት ተባብለውት ቢሆን እፈርድላት ነበር። ነገ አንተ ዳኛ ስትሆን ሁለቱን አትደባልቃቸው።» የሺ ኋላ ሌላ ቦታ ምግብ ቤቷን ከፍታ ደህና ኖራለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ያን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዓመታት በኋላ ለአጭር የሕግ ሥልጠና ተልኬ ስመለስ አንበሳሜ ዳኛ ሆኜ ተመደብሁ። እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በበቅሎ። በቅሎዋ ከእኔ የተሻለ መንገዱን ታውቀው ነበርና ልጓሙን ለቅቄላት ቅኔ እየቆጠርሁ ሄድሁ። የምናስችልበት ቤት ተከራይተን የያዝነው አሮጌ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ የዘነበ እንደሆነ ጣሪያው እንደ ነጋሪት ስለሚያስተጋባ ዳኛው ምስክሩን፣ ምስክሩም ራሱን አይሰማም። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ችሎት ይቋረጣል። ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም እጃችንን አጣምረን እስኪያባራ እንጠብቃለን። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱን ጠብ ከእኔ ይልቅ ያ ዝናብ አስታርቆታል። እኔም እንስራ ገዝቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥሁ።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ወርቁ የሚባል ገበሬ ክስ ይዞ መጣ። ተከሳሿ እናትነሽ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ፊቷ የማይፈታ፣ አንደበቷ ግን የተፈታ ሴት። ወርቁ ከጋይንት በኩል አጨዳ ፍለጋ መጥቶ እሷ ዘንድ ሠራተኛ ሆኖ ገባ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከአንድ ገበታ መብላት ጀመሩ። አልተጋቡም። አብረው ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ አባረረችው፤ ቡሬ የሚባለውን በሬም ከለከለችው። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ፣ «ባልና ሚስት ካልሆናችሁ የምናካፍላችሁ ንብረት የለም» ብሎ መልሷቸዋል።

እናትነሽ ወንድሟን ደምሴን ወኪል አድርጋ ቀረበች። ደምሴ ከሕግ መጽሐፍ የሰማትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ ዳዊት በቃሉ ይዟታል። ውሃውን እንኳ በቅጡ ሳይጠጣ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ሕጉ መልካም ጠባይን የሚቃረን ውል አይጸናም ይላል። ሳይጋቡ አብሮ መተኛት መልካም ጠባይ ነው?»

«አይደለም እንበል» አልሁት። «በሬውስ ምን አጠፋ?»

ደምሴ ወደ እንስራው ሄዶ ያስተረፈውን ውሃ ጠጥቶ ተቀመጠ።

ወርቁን፣ «ምን ተባባላችሁ?» አልሁት።

«ጌታዬ፣ ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ሰብስባ፣ ‹ይህ ጥጃ ከዛሬ ጀምሮ የወርቁ ነው። ወዶ ቢሄድም ይዞት ይሄዳል፤ እኔ ባባርረውም ይዞት ይሄዳል› አለች። እኔም በበኩሌ፣ ‹ባልሽ ነኝ ብዬ መሬትሽን አልጠይቅም› አልሁ። ጥጃው አድጎ ቡሬ ሆነ። ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ከድምፄ በቀር የማንንም አይሰማም።»

«አንተ ለእሷ ምንዋ ነበርህ?»

«እሱን ነው ያጣሁት ጌታዬ። ባሏ ነበርሁ ብል የሰማንያ ውልህን አምጣ ይሉኛል። ሠራተኛዋ ነበርሁ ብል…»

«ሠራተኛዬማ አልነበረም!» አለች እናትነሽ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ሠራተኛ ከገበታዬ አይቀርብም።»

«ታዲያ ምንሽ ነበር?»

«ወርቁ ነዋ» አለች።

ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ መዝገብ ገለጥሁ።

«ለምን አልተጋባችሁም?» ስላት ግን መልሷ የሚያስቅ አልነበረም። «ጌታዬ፣ ባሌ ሲሞት ዘመዶቹ ከመሬቱ አባርረውኛል። መሬት ለአራሹ ሲባል ነው በስሜ ያገኘሁት። ባል ያገባሁ እንደሆነ ማኅበሩ መሬቱን በአባወራው ስም ይጽፈዋል። አንዴ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሞክረውም። ስለዚህ ‹ሰማንያ አይሁን፤ የምንባባለውን ሰው ፊት እንባባል› አልነው። ቃሉን ያፈረሰ እሱ ነው። መሬቴን ሊቀማኝ ከማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄዶ ጠይቋል። ቃሉን ያፈረሰ ሰው በሬ አይገባውም።»

እውነት ከሆነ ክርክሯ ጠንካራ ነው። ውል ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ሲለቀቅ ሌላው ይላላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ነበረብኝ። በእርግጥ ሰው ፊት ተባብለዋል? ወርቁስ ቃሉን አፍርሷል?

ለመጀመሪያው ነገር ምስክር ሆነው የቀረቡት የሠፈሩ ቄስ ናቸው። ከዚህ ጉዳይ ጋር ስማቸው በመነሣቱ ብቻ አፍረው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«አባ፣ ያን እሑድ ነበሩ?»

«ነበርሁም አልነበርሁም።»

«እንዴት?»

«ቁርባን አይደለ፣ ሰማንያ አይደለ። ብገባ የባረክሁት ይመስልብኛል። ብቀር ጎረቤቶቼ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ቆምሁ።»

ደምሴ ዕድል አገኘ። «ጌታዬ፣ ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው ምን ምስክር ነው?»

ቄሱ ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ እግሬ ነው ውጭ የቆመው፤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እኔ ጋብቻ አላየሁም፤ ያየሁት ጥጃ ነው። ‹የወርቁ ነው› ስትል ሰምቻለሁ። እሱም ‹መሬትሽን አልጠይቅም› ሲል ሰምቻለሁ።»

ያን እሑድ የነበሩትን ጎረቤቶችም አንድ በአንድ አስገብቼ ጥጃው የት ታስሮ እንደነበር፣ ማን ማን እንደተቀመጠ፣ ቃሉን ማን እንደ ጀመረ ጠየቅኋቸው። የተመከረ ምስክር ዋናውን ነገር አንድ ዓይነት ይናገራል፤ ትንንሹን ነገር ስትጠይቀው ነው የሚለያየው። እነዚህ ሰዎች ግን የጥጃው ገመድ አጥሮ በርበሬ መደቡን እንደረገጠ ሳይቀር ገጠመላቸው።

ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀረበ። ከሰው ጋር የማይጣላ፣ ጥያቄ እስኪጠየቅ ድረስ ደግሞ የማይናገር ሰው ነው።

«ወርቁ መሬት ጠይቆሃል?»

«አዎን፣ ጠይቋል።»

እናትነሽ ወንድሟን፣ ወንድሟም እኔን አየ።

«የማንን መሬት?»

«የማንንም አይደለም። ከወንዙ ማዶ ድንጋያማ ዳገት አለ፤ ሰው የተወው። ‹እሱን ስጡኝ፤ ድንጋዩን ለቅሜ አርሰዋለሁ› አለኝ። የእሷን ስም አላነሣም።»

«ይኸን ለማን ነገርህ?»

«የጠየቀኝ የለም። ደምሴ ‹ወርቁ መሬት ጠየቀ ወይ?› አለኝ፤ ‹አዎን› አልሁት። የማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም።»

እናትነሽ ወደ ወርቁ ዞረች። በዚያ ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ እሱኑ አነጋገረችው። «ወርቁ፣ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ካገኘሁት በኋላ ልነግርሽ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «እጅ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። አንድ ቀን እኔም መሬት ያለኝ ሰው ሆኜ ከጎንሽ ልቀመጥ አስቤ ነው።»

መልስ ልትሰጠው ስትል ዝናቡ ወረደ።

እንዲህ ያለ ዝናብ በዚያ ዓመት አላየሁም። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ችሎቱ ተቋረጠ። ሁላችንም በየመቀመጫችን ቀረን፤ መነጋገር አይቻልም። ጣሪያው እናትነሽ በተቀመጠችበት በኩል ያፈስ ጀመረ። ትንሽ ታገሠች፤ ነጠላዋ ሲርስ ተነሣች። ወንድሟ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። አይታው አለፈችውና ከሳሽ የተቀመጠበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ወርቁ ጋቢውን አውልቆ ሳያያት ዘረጋላት። እሷም ሳታየው ደረበችው። ቄሱ ደስ እንዳላቸው እንዳይታወቅባቸው ወደ ጣሪያው ያያሉ። እኔ ያን ዝናብ ቶሎ አያባራ እያልሁ መጸለዬን አልክድም።

አባራ። ፍርዱን ለማግስቱ ቀጠርሁ። ከመፈረሜ በፊት ለዘበኛው አነበብሁለት፤ አንድ ቦታ ላይ ግንባሩን ቢቋጥርብኝ ቀድጄ ደግሜ ጻፍሁት። የመጨረሻው ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ባልና ሚስት አይደሉም፤ ስለዚህ አብሮ በመኖራቸው ብቻ የአንዱ ንብረት የሌላው አይሆንም። አብረው እንዲኖሩም ሆነ እንዲለያዩ ፍርድ ቤቱ አያዝዝም። ስለ ጥጃው የተባባሉት ግን ሁለት ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ወደው፣ ሰው ፊት የተስማሙት ቃል ነው። ወርቁ ቃሉን አላፈረሰም። ያልተጋቡ መሆናቸው ቃላቸውን ከንቱ አያደርገውም። በሬው የወርቁ ነው። መሬቱም በእናትነሽ ስም እንዳለ ይኖራል፤ ወርቁ በዚያ ላይ መብት የለውም።

ደምሴ ይግባኝ እንል እንደሆነ እኅቱን ጠየቃት። «አንተ ከፈለግህ የራስህን በሬ ይዘህ ይግባኝ በል» አለችው።

ወርቁ ቡሬን እየነዳ ሄደ። ድንጋያማውን ዳገት ማኅበሩ ሰጠው፤ ዳር ላይ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ድንጋይ ይለቅም ጀመር። እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ሌላ ድንበርና ወደ ሌላ ውርስ ዞርሁ።

የእርሻ ወራት ሲመጣ ግን አንድ ጧት ወርቁንና እናትነሽን ከችሎቱ በር አጠገብ ካለው እንስራ ውሃ እየጠጡ አገኘኋቸው። አብረው ነው የመጡት። ደነገጥሁ።

«ደግሞ ምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም» አለች እናትነሽ። «ችግሩ የበሬው ነው። ቡሬ ብቻውን አያርስም፤ ከእኔው በሬ ከዳልቻ በቀር ከሌላ ጋር ጠምደውት እምቢ ብሏል። የእኔም ዳልቻ ቆሞ ያላዝናል። መቀናጆ እንሁን ብለናል።»

መቀናጆ የእኛ አገር ገበሬ የቆየ ዘዴ ነው። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ። ለዚህ ማንም ፍርድ ቤት አይመጣም።

«ለመቀናጆ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

«ዛሬ የምንባባለውን እርስዎ ፊት እንድንባባል ነው» አለች። «በአጥር ላይ የሚሰማ ቄስ ዘወትር አይገኝም።»

ጸሐፊዬን ጠርቼ እንዲጽፍ አዘዝሁት። መሬቷ የእሷ፣ ዳገቱ የእሱ። ዳልቻ የእሷ፣ ቡሬ የእሱ። ከዛሬ በኋላ የሚወለድ ጥጃ ሁሉ እኩል። ወርቁ የት እንደሚያድር አልጠየቅሁም፤ እነሱም አልነገሩኝም። ጎጆውን ግን ለጭድ ማስቀመጫ እንዳደረገው በጨዋታ መካከል አመለጠው።

«የውሉ ዘመን እስከ መቼ ይሁን?» አልኋቸው።

እናትነሽ ወርቁን አየችው። «በሬዎቹ እስኪያረጁ» አለች።

«እነሱ ሲያረጁ» አለ ወርቁ ቀስ ብሎ፣ «ሌላ ጥጃ እናሳድጋለን።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቀኛል። እኔም እንደ ሥርዐቱ ወደ እናትነሽ ዞርሁና፣ «በዚህ ላይ ተቃውሞ አለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«የለኝም» አለች።